ሰማይነሽን ልንድር የሄድን ጊዜ

እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሥራዬን ላስተዋውቅ ብዬ አይደለም። ሮቢት ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኝ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ሙቀቱ ራሱ ደንበኛ እየጎተተ ያመጣለታል። የምናገረው አበባ፣ ጋብቻ፣ ሽምግልና በሚባል ነገር ውስጥ ምንም ጉዳይ ያልነበረኝ ሰው መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአፌ ነው። ባለቤቴ «አንተ እጅህ ያበጀውን አፍህ ያፈርሰዋል» ትለኛለች። ፊት ለፊት እከራከራታለሁ እንጂ ልቤ ያምንላታል።

እትዬ የሺ ከሱቄ ጀርባ ያለው ግቢ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ጋሼ በቀለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ የመስኖ እርሻ አትክልተኛ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። እትዬ የሺ ስንት ልጅ አለዎት ሲባሉ «ሰማይነሽ አለችኝ» ብለው ያልፉታል። የማያውቅ ሰው ደግሞ «ታድለው፣ አንዷም አንድ ናት» ይላቸዋል።

ሰማይነሽ አበባ ናት። የሚያውቁት ኦርኪድ ይሏታል። ግቢው መሀል ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ በሽቦ ቅርጫት ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። አፈር የላትም። ቅርጫቱ ውስጥ ጥቂት ስብርባሪ ከሰል አለ፣ ሥሮቿ ግን በከሰሉ በኩል አልፈው አየር ላይ ይንዘላዘላሉ። ከቀወት ለገበያ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ አይቷት ያዝናል። እንዲህ ዋልካ መሬት በሞላበት አገር አንድ ተክል አፈር ተነፍጎት ከሰል ላይ ሲሰቀል ማየት አይሆንለትማ። አንዱማ አዝኖ ፍግ ሊያለብሳት ሲል እትዬ የሺ በመጥረጊያ ነው ያባረሩት። ስታብብ ግን ገበሬውም ይረሳዋል። ሰማያዊ ናት፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ፤ በአበባዋ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር እንደ መረብ ተዘርግቷል።

ለጋሼ በቀለ የሰጣቸው እርሻው ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ከነትውልዷ አስረከባቸው። ጋሼ በቀለ ያን ትውልድ በቃላቸው አጥንተውት፣ ሰው ግቢያቸው በገባ ቁጥር ይወጡታል። እናቷ ደገኛ ናት። የሕንድን ተራራ ጉም እየጠጣች ያደገች፣ ሰማያዊ፣ ቀጭን። አባቷ ቆለኛ ነው። ከዚያም ርቆ ባሕር መሀል ባለ ደሴት ላይ ዛፍ ተደግፎ የሚኖር፣ ፊተ ሰፊ፣ መልኩ ግን ፈዘዝ ያለ። እነዚህ ሁለቱ ለራሳቸው ቢተዉ ተያይተው አያውቁም ነበር። አንድ የጥንት አትክልተኛ ከአንዱ ቢጫውን ዱቄት በእንጨት ጫፍ ወስዶ ለሌላው ቀባና አጋባቸው። ዘሩን ዘራ፣ አበባዋን ለማየት ዓመታት ጠበቀ፣ ስታብብ የእናቷን ቀለም በአባቷ ሰፊ ፊት ላይ ይዛ ወጣች። ጋሼ በቀለ እዚህ ሲደርሱ ቆም ይሉና «ደገኛ ከቆለኛ። ልክ እንደኛ አገር ጋብቻ» ይላሉ። እሳቸው የሮቢት ሰው ናቸው፣ እትዬ የሺን ያመጡት ከላይ ከደጋው ነው። እትዬ የሺም ይህን በሰሙ ቁጥር ያፍሩና ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ጋሼ በቀለ ከሞቱ በኋላ እትዬ የሺ ትውልዱን ለመናገር ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እንባ ይቀድማቸዋል። ሰማይነሽም የታች ቅጠሎቿን ማራገፍ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፍሪጃቸውን ላስቲክ ልቀይር ገብቼ ቅርጫቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እኔ አረጀሁ» አሉኝ። «እሷም አረጀች። ዘር ሳትተው ብትሞትብኝ፣ በቄ በዚህ ምድር ላይ ነበር የሚያሰኝ ምን ቀረኝ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን የነቀዘ ይመስል ዝምታ አልወድም። ስልኬን አወጣሁና ያነበብኩትን ላሳያቸው ተጣደፍኩ። «እትዬ፣ ይቺ እኮ በዓለም ሁሉ ልጆች አሏት። ዛሬ በየአገሩ የሚሸጠው ሰማያዊ ኦርኪድ አብዛኛው የልጅ ልጇ ነው።»

«በየአገሩ» አሉ እትዬ የሺ። «እዚህስ?»

እዚህ ላይ ላስቲኬን ቀይሬ መሄድ ነበረብኝ። «እዚህም ትወልዳለች» አልኩ። «ከሌላ ኦርኪድ ያቺ ቢጫ ዱቄት ብትመጣላት ትወልዳለች። የጥንቱ ሰውዬ እንዳደረገው እኔ እቀባታለሁ።» ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ ብያችኋለሁ።

እትዬ የሺ ከበርጩማቸው ተነሡ። ሌላ ኦርኪድ የት እንዳለ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አጣዬ ነው፤ ጋሼ ሙሄ ዘንድ። ጋሼ ሙሄ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከጋሼ በቀለ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ወንድማማች ነበሩ። አንዱ ለፋሲካ አጣዬ ድረስ ዳቦ ይልካል፣ ሌላው ለኢድ ሮቢት ድረስ ተምር ይዞ ይመጣል። ሰማይነሽ በደህናው ዘመን ከጎኗ ቡቃያ ስታወጣ ጋሼ በቀለ ቆርጠው የሰጡት ለእሳቸው ነው።

«ታዲያ ምን ቸገረ፣ እንደውልላቸዋ» አልኩ።

የእትዬ የሺ ፊት ጠቆረ። «ሙሄ የበቄ ለቅሶ አልደረሰም» አሉ። «ሲሞትም አልመጣ፣ አርባውም አልመጣ፣ ሙት ዓመቱም አልመጣ። እኔ ለሱ አልደውልም። ደግሞስ ዘር በስልክ ይጠየቃል? ሽማግሌ ይላክ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እትዬ የሺ አልሳቁም።

ሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ጋሼ ተሾመ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሽምግልና ነው። የሰርግ ወር ሲመጣ ኮታቸውን አራግፈው መንገድ ዳር ይቆማሉ፣ የሚጠራቸውም አይጠፋም። ሁለተኛው ሐጂ ናቸው። ስም አላቸው፣ ግን ከመካ ከተመለሱ ወዲህ ሰፈሩ ሐጂ ብቻ ነው የሚላቸው። ሎሚ ይነግዳሉ፣ ቃል ይቆጥባሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ሦስት ይሁን ስለተባለ ማሟያ ሆኜ ገባሁ።

ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍረን ጀውሃ ሳንደርስ ክርክር ተነሣ።

«እኔ ያልገባኝ» አሉ ጋሼ ተሾመ፣ «እኛ የወንዱ ወገን ነን ወይስ የሴቷ?»

«ሰማይነሽ ሴት ናት እንጂ» አልኩ።

«ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው። ሴት ሽማግሌ ላከች ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ሁለቱም ናት። ወንዱም ሴቱም እዚያው እሷ ውስጥ አለ» አልኩ፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን አስታውሼ። ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና እቅፋቸው ያለውን ሕፃን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ጀውሃ ላይ ጎማ ስንለውጥ ጋሼ ተሾመ ሻይ እየጠጡ ጉዳዩን ለሹፌሩ አቀረቡለት። ሹፌሩ «እንዲህ ከሆነ የሁለቱም ወገን መሆን ትችላላችሁ» ብሎ ፈረደ።

አጣዬ የጋሼ ሙሄ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። የታችኛው የድንጋይ ግድግዳ ግን ያው የድሮው ነው፣ ከተማው ሲቃጠል እንደጠቆረ ቀርቷል። በወጉ ደጃፍ ላይ ቆምን። ጋሼ ሙሄ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳጠለጠሉ ወጡና «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና አልተቀመጥንም። ጋሼ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን እንደሚሉ መንገድ ላይ ተስማምተን ነበር፤ ሰላምታ፣ የእትዬ የሺ ስም፣ ከዚያ አበባዋ። ነገር ግን ስንት ዓመት የለመደ አፍ ነው። በር ላይ መቆማቸውን ሲያውቅ በራሱ መንገድ ሄደ።

«የመጣነው» አሉ ጋሼ ተሾመ በዚያ ነጎድጓድ ድምፃቸው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ነው።»

ጓዳ ውስጥ ትሪ ወደቀ። የጋሼ ሙሄ ሚስት ሻሻቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉና ወዲያው ተመልሰው ገቡ፤ በጓሮ በር ሰው ወደ አጎትየው ሲላክ ሰማን። ጋሼ ሙሄ ለካ ያልተዳረች ልጅ አለቻቸው። መጋረጃው ገለጥ አለና አንድ ዓይን ጋሼ ተሾመን፣ ቀጥሎ ሐጂን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ ላይ ቆየ። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋና «ኡሚ፣ ይሄ ከሆነ አልፈልግም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌ ሙሽራውን ይዞ እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ግን በዕድሜ ከሁለቱ ስለማንስ እኔ መስያታለሁ። እኔም ባለትዳር የሦስት ልጆች አባት ስሆን፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ከፋኝ።

ነገሩን እስክናፍታታ አጎትየው ደርሶ፣ ሁለት ጎረቤት ተጨምሮ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ሐጂ ናቸው በአጭር ቃል የገላገሉን። «ሙሄ፣ የመጣነው ለአበባ ነው። የበቀለ ሚስት ልካን ነው።» አጎትየው እየተነጫነጨ ሄደ። እናትየው ምንጣፉን አላነሡም፣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጋሼ ሙሄ መጀመሪያ ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። የበቀለን ስም ሲሰሙ ተቀመጡ።

«የሺ ደህና ናት?» አሉ። ደህና ናቸው አልን። «ስለኔ ምን አለች?» እኛም ሦስታችን በአንድ አፍ «ምንም» አልን፣ ሽማግሌ ሲዋሽ ለሰላም ነውና።

ዝርዝሩን እኔ አስረዳሁ፤ ቢጫ ዱቄት፣ እንጨት፣ መቀባት። ጋሼ ሙሄ ጨርሼ እስክናገር ጠበቁና «ዘር ቆጥራችኋል?» አሉኝ። እንዴታ አልኩ፤ ደገኛዋን እናት፣ ቆለኛውን አባት፣ አጋቢውን አትክልተኛ ጋሼ በቀለ እንዳስተማሩን ወጣሁት። ጋሼ ተሾመ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሼ ሙሄ። «የኔዋስ እናት ማን ናት?»

አሰብኩ። «ያቺው ደገኛዋ።»

«አባቷስ?»

«ያው... ቆለኛው።»

«የኔዋ ከየት መጣች?»

«ከሰማይነሽ ጎን ተቆርጣ» አልኩ፤ ይህን ስናገር ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። ጋሼ ተሾመ ወደኔ ዞሩ። እሳቸው ሰባት ቤት ያልተራራቀ ጋብቻ ስንቱን ያፈረሱ ሰው ናቸው። «አንተ፣ ይህን ሳታጣራ ነው አጣዬ ድረስ ያመጣኸን?»

«እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ማግባት አልተከለከለም» አሉ ጋሼ ሙሄ ረጋ ብለው። «ራስን ማግባት ግን የተፈቀደበት ሃይማኖት እስካሁን አልሰማሁም። ሁለቱ እኮ እህትማማች እንኳ አይደሉም። አንድ አካል ናቸው። የሮቢቷም እሷ ናት፣ የአጣዬዋም እሷ ናት።»

እኔ ግን ያዝ ያደረግኩትን አለቅም። አንዳንዴ ከራሷ ዱቄትም ትይዛለች ይላል ስልኬ፣ ቢያንስ ልያት አልኩ። «ልጅት በሽማግሌ ፊት አትወጣም» አሉ ጋሼ ሙሄ። እሺ፣ እንግዲህ ምን ይሁን አልናቸው። «ተማክረን እንነግራችኋለን። ተመለሱ።» ከማን ጋር እንደሚማከሩ አልገባኝም፤ ሚስትየው ከምንጣፉ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም።

እትዬ የሺ ሁሉንም ሰምተው አልተበሳጩም። «ተመለሱ ማለት ደህና ነው። በአንድ ልመና እሺ የሚል የለም» አሉ። እንደገና ሄድን። በሁለተኛው ጋሼ ሙሄ ምሳ አበሉን፣ ስለ ጋሼ በቀለ አወሩን። ሁለቱ በወጣትነታቸው ሮቢ ወንዝ ሞልቶ እንዴት ወዲያና ወዲህ ማዶ ሆነው ሁለት ቀን እየተጯጯሁ እንደከረሙ ሲነግሩን ሐጂ እንኳ ሳቁ። ስለ አበባዋ ስንጠይቅ ግን ሙቀቱ አድክሟታል፣ አሁን አይሆንም፣ ተመለሱ ሆነ መልሱ። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ «ከዚያች ልጅ ጋር ምን አለህ?» ማለት ጀመረች። ወሬ ከአጣዬ ሮቢት ለመድረስ ሚኒባስ አይጠብቅም።

በሦስተኛው ጉዞ ነው እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ የዞርኩት። ጓሮው ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። ግማሹ ተቃጥሎ ደርቋል፣ በግማሹ በኩል ለምለም ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከለምለሙ ቅርንጫፍ ላይ የሽቦ ቅርጫት ተሰቅሏል። ቅርጫቱ ውስጥ ከሰል አለ። ከሰሉ እርጥብ ነው፣ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። ከከሰሉ በቀር ምንም የለም።

«ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጋሼ ሙሄ ፎጣ ይዘውልኝ መጥተው ኖሯል። «ድንገት ሥር ተርፎ እንደሆነ ብዬ።»

ቀና ብዬ ደግሜ ቅርጫቱን አየሁ።

«በቄ ሲሰጠኝ ‹ሙሄ፣ አማና፣ አደራ ነው› ብሎኛል» አሉ። «እሳቱ ሲመጣ ልጆቼን አወጣሁ። ተመልሼ የስፌት መኪናዬን አወጣሁ። ወላሂ መኪናውን ተሸክሜ በሷ ሥር ነው ያለፍኩት። ሁለቱም እጄ ተይዟል። ደብረ ብርሃን ተሰደን ሳለን በቄ ሞተ አሉኝ። ባለሁበት ሆኜ አለቀስኩ። አገሬ ስመለስ ደግሞ ምን ይዤ ልሂድ? የሺ ዓይኔን አይታ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለሷ ነው። አደራ በላ ሆኜ እንዴት ለቅሶ ቤት እገባለሁ?»

«ታዲያ እኛ ስንመጣ ለምን አልነገሩንም፣ ጋሼ?»

ፎጣውን አጣጠፉት። «ስለ በቄ የሚያወራ ሰው ደጄ ሲቆም ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ደግሞ ከነገርኳቸው አይመለሱም እላለሁ።»

እንደ ቀልድ ስንመላለስበት የነበረው ነገር እንዲህ ያለ ኖሯል። በመልሱ መንገድ ጀውሃ ላይ ወርደን ሦስታችንም ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ለእትዬ የሺ እንዴት እንደሚነገራቸው ስንመክር ቆየን። ጋሼ ተሾመ በምሳሌ ይጀመር አሉ። ሐጂ በዱዓ ይጀመር አሉ። እኔ ምንም አልናገርም ብዬ ምዬ ገባሁና፣ እትዬ የሺ «ምን አሉ?» ሲሉኝ «ተቃጥላለች» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

እትዬ የሺ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ተሾመ የቀረውን ሁሉ፣ ከሰሉንም፣ ውሃውንም፣ ቀስ ብለው ነገሯቸው።

«ልጆቹ ተርፈዋል?» አሉ እትዬ የሺ።

«ደህና ናቸው።»

«መኪናውስ?»

«ተርፏል። እየሰፋበት ነው።»

«እሰይ» አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠራርገው «ለዚህ ብሎ ነው ለቅሶዬን የቀረው? ሞኝ» አሉ። ቀና ብለው ቅርጫቷን አዩ። «አንተ፣ የሚቆርጥ ነገር አለህ?» ይህ ለኔ ነው።

ይቺ ተክል ዘር ባትይዝም ትከፈላለች። ግንዷ አንድ ነው፣ ወደ ላይ ያድጋል፣ ከመሀል ከተቆረጠ ሥር ያወጣው የላይኛው ክፍል ሄዶ ይኖራል። የታችኛው ያቆጠቁጥ ይሆናል፣ ላያቆጠቁጥም ይችላል። ይህን ጋሼ በቀለ ለእትዬ የሺ ነግረዋቸዋል። በነጋታው ግቢው ሞላ። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ሐሳብ ይዞ መጣ። አንዷ ጨረቃ ስትጎድል ይሁን ትላለች፣ ሌላው ከግርጌዋ ስጧቸው ይላል። እኔ የመዳብ ቱቦ መቁረጫዬን አምጥቼ ሲስቁብኝ ቢላ ተቀቀለ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እውነት ነው፣ የታችኛውን ቢሰጧቸው? የላዩ እኮ ነው ሕይወት ያለው።»

«ለሰው ሲሰጡ ከራስጌው ነው» አሉ። «ግርጌውን ለሰው ሰጥቼ በቄን ነገ በሰማይ ቤት ምን ልለው ነው?»

ቢላውን ሰጡኝ። ግንዷን ወደ ላይ ወደ ታች ስለካ ቆየሁ። ቀሙኝና ራሳቸው በአንድ ቁርጥ ከፈሏት፤ ቁስሏ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነሰነሱበት፤ ከዚያ ዞር ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ የቆሙት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አሜን አሉ።

ሚኒባሱ ላይ ሰማይነሽን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሥሮቿ ጉልበቴን አልፈው ተንዘላዝለዋል። ረዳቱ «ይሄ ዕቃ ከላይ ይጫን» ቢል ጋሼ ተሾመ «ሙሽራ ከላይ ስትጫን የት አይተሃል?» ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ወደኛ ነው የዞረው። አጣዬ ስንደርስ እነዚያው ሕፃን የታቀፉ ሴትዮ ይሁኑ ሌላ እንጃ፣ እልል አሉልን። ጋሼ ሙሄ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፣ ይዘዋትም ወደ ጓሮ ሄዱ፣ እስኪመለሱም ማንም አልተከተላቸው። በዚያው ሳምንት ሮቢት መጥተው ለቅሶ ደረሱ። ከግቢው በር ጀምረው «ወንድሜን» እያሉ ነው የገቡት፤ እትዬ የሺም አብረዋቸው እንደ አዲስ አለቀሱ።

መከራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ከዚህ በኋላ የስልክ ቤት ሆኛለሁ። ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ጋሼ ሙሄ ይደውላሉ። እኔ በጓሮ ዞሬ ስልኩን በርጩማው አጠገብ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ። «የሺ፣ እንዴት አደረች?» «ደህና አድራለች፤ ያንተዋስ?» «ሥር ጨምራለች።» ከዚያ ወሬው ወደ ጋሼ በቀለ፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ ድሮው ይሄዳል። የደንበኛ ፍሪጅ ተከፍቶ፣ ሥጋው እየሟሟ፣ እኔ የሁለት ሽማግሎች ሥር ቆጠራ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ «ሥራህን ቀየርክ እንዴ?» ትለኛለች።

የሮቢቷ ግርጌ ግን አላቆጠቆጠችም። እትዬ የሺ ያጠጧታል፣ ይነካኳታል፣ ያናግሯታል። መጀመሪያ ቢጫ ሆነች፣ ቀጥሎ ቡናማ። ለጋሼ ሙሄ ሲነግሩ ግን ደህና ናት ነው። እኔም ምን አገባኝ ብዬ አፌን ያዝኩ፤ እየተማርኩ ነው መሰለኝ።

ባለፈው ሰኞ ስልኩ ከወትሮው ቀድሞ ጮኸ። ወስጄ አስቀመጥኩት። «የሺ» አሉ ጋሼ ሙሄ፣ «አብባለች። ዛሬ ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ አየኋት። ያንቺዋስ?»

እትዬ የሺ ቀና ብለው ቅርጫቱን አዩ። ግንዷ ደርቋል። ትናንት በእጃቸው ሲነኩት ተሰብሮ ቀርቷል፣ አብሬያቸው ነበርኩ።

«የኔዋም አብባለች» አሉ።

ዓይኔን አፍጥጬ ሳያቸው ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ምን ታፈጣለህ? አንድ አካል ናት ተብሎ አይደለም እንዴ? አብባለች እኮ። አጣዬ ላይ አብባለች።»

መዳፋቸውን ከስልኩ ላይ አነሡ። «በል ሙሄ፣ እስቲ ቀለሟን ንገረኝ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ አጥርቼ አላያትም።»

ጋሼ ሙሄ «ቆዪ፣ ልጠጋት» አሉ። ከዚያ ከታችኛዋ አበባ ጀምረው ወደ ላይ አንድ በአንድ ይነግሯቸው ጀመር። እኔም ሱቄ በር ላይ የቆመውን ደንበኛ ትቼ መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አብሬ አዳመጥኩ።